«ስልክ ቁጥራችሁን በኮሜንት አስቀምጡ»፦ የአንድ የፖሊስ ፔጅ ጉዳይ ከሰሜን ሸዋ

ነገሩ የጀመረው በምሥራች ነው። በ2017 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዞን ካሉት የወረዳ ከተሞች በአንዷ፣ በቅዳሜ ገበያ ስልክ ሰርቀዋል የተባሉ ሁለት ወጣቶች ከነከረጢታቸው ተያዙ። ከረጢቱ ውስጥ ከደርዘን በላይ ሞባይል ተገኘ። የገሚሱ ሲም እንኳ ገና አልወጣም። ከመንዝም ከተጉለትም በግና ባና ይዞ የሚመጣው ገበያተኛ በዚህ ሌብነት ሲማረር ከርሟል። ስለዚህ ወሬው ሳይመሽ ከተማውን አዳረሰው።

ማታ ላይ የወረዳው ፖሊስ በፌስቡክ ፔጁ ፎቶ ለጠፈ። ጠረጴዛ ላይ ስልኮች ተደርድረዋል። ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ጽሑፉ ተጠርጣሪዎች ከነኤግዚቢታቸው በቁጥጥር ሥር መዋላቸውን ይናገራል። ከዚያ ደግሞ፣ ስልክ የጠፋባችሁ ሙሉ ስማችሁን፣ ስልክ ቁጥራችሁን፣ የስልኩን ዓይነትና አይኤምኢአይ በኮሜንት አስቀምጡ ይላል።

የተያዙት ሁለት ናቸው። ፎቶው ላይ ያሉት ግን ሦስት ናቸው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እኔ በከተማዋ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ጉዳዩ ውስጥ የገባሁት በዚህ ፖስት የተጎዱት ሰዎች ተራ በተራ ደጄን ስላንኳኩ ነው። የከተማዋን፣ የጽሕፈት ቤቱንና የሰዎቹን ስም ትቻለሁ። ሰዎቹን ሊያስለይ የሚችል አንዳንድ ነገርም ቀይሬያለሁ። የሰው ገመና ወጣ ብዬ እየጻፍኩ እኔው ደግሜ ላወጣው አልችልም።

ስለ ፔጁ አንድ ነገር ልበል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ዳታም ለወራት ተቋረጠ። ዳታው ሲመለስ ሰው መጀመሪያ የፈለገው ወሬ ነው። መንገዱ ክፍት ነው ወይ? ገበያ ይቆማል ወይ? ሰዓት እላፊው ስንት ሰዓት ላይ ነው? በእኛ ከተማ ለዚህ ሁሉ መልስ የሚገኘው ከዚህ ፔጅ ነበር። ሰው ያምነዋል። ፔጁ ላይ «በኮሜንት አስቀምጡ» ከተባለ፣ ሰው ያስቀምጣል።

ኮሜንቱ ላይ የፈሰሰው

በዚያ ሌሊት ኮሜንቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ሰው የታዘዘውን ብቻ ጽፎ አላቆመም። አንዱ የስልኩን ካርቶን ፎቶ አንስቶ ለጥፏል። ሌላዋ ስልኳ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ተራ እንደተሰረቀና የት ሰፈር እንደምትኖር ጽፋለች። አንድ ሰው ደግሞ ማንነቱን ለማረጋገጥ ብሎ የፋይዳ መታወቂያውን አስቀምጧል፤ ፊቱንም ጀርባውንም። «ቴሌብሬ ላይ ብር አለ፣ እባካችሁ ቶሎ» ያሉም አሉ።

አይኤምኢአይ የቀፎው መለያ የሆነ ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ነው። ስልኩ ላይ *#06# ሲደወል ይመጣል፣ ካርቶኑም ላይ ተጽፏል። ስልኩ ሲጠፋ የኔ ነው ለማለት ዋናው ማስረጃ እሱ ነው። ታዲያ ለሕዝብ በሚታይ ኮሜንት ላይ ከተጻፈ ማንም ሰው ቀድቶ የኔ ነው ሊል ይችላል። ማስረጃነቱ እዚያው ላይ አበቃ። ፖሊስ ባለቤቱን ለመለየት የጠየቀው ነገር፣ ባለቤቱን መለየት እንዳይቻል አደረገው ማለት ነው።

ይህ ግን ቀላሉ ጉዳት ነው።

ከኮሜንት ጸሐፊዎቹ አንዷ የአንድ ተማሪዬ እናት ናቸው። እትዬ እንበላቸው። ባለቤታቸው ከሞተ ወዲህ መሬቱን በእኩል አሳርሰው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርትና ባቄላ እየሸጡ ነው ልጆች የሚያሳድጉት። ስልካቸው የተሰረቀው ከፖስቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ሲሙን በዚያው ቁጥር አስተክተው በባለ ቁልፍ ስልክ እየተጠቀሙ ነበር። ኮሜንቱን የጻፈችላቸው ልጃቸው ናት። ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ «ሳምሰንግ ነው፣ ከቨሩ ላይ የኪዳነ ምሕረት ሥዕል አለበት፣ መስታወቱ በግራ በኩል ተሰንጥቋል»።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ስልካቸው ጮኸ። ሰውየው ጨዋ ነው። እትዬ እንደነገሩኝ፣ ከእግዜር ሰላምታ ነው የጀመረው።

«እናቴ፣ ከፖሊስ ጽሕፈት ቤት ነው የምደውለው። እንኳን ደስ አለዎት፣ ስልክዎ ተገኝቷል። ሳምሰንግ ነው አይደል? የኪዳነ ምሕረት ሥዕል ያለበት?»

«አዎ! እሰይ፣ እሰይ የኔ ጌታ!»

«መስታወቱም በግራ በኩል ተሰንጥቋል። ብቻ ሌላ ሰውም የኔ ነው ብሏል። የርስዎ መሆኑን እንዳረጋግጥ፣ ሲከፍቱት የሚነኩትን ቁጥር ይንገሩኝ።»

ነገሩት። እትዬ እንደ ብዙዎቻችን አንድ ቁጥር ነው ያላቸው። ስልኩም የሚከፈተው፣ ቴሌብሩም የሚከፈተው በእሱ ነው። ትንሽ ቆይቶ አጭር መልእክት ገባ። ሰውየው የመጣውን ኮድ እንዲያነቡለት ጠየቀ። እትዬ ፊደል ባይቆጥሩም ቁጥር ያውቃሉ። አንድ በአንድ አነበቡለት።

ቴሌብርን በሌላ ስልክ ላይ ለመክፈት ሦስት ነገር ይበቃል። ስልክ ቁጥር፣ በመልእክት የሚመጣው ኮድና የሚስጥር ቁጥሩ። የመጀመሪያውን ኮሜንቱ ሰጠው። ሁለቱን እሳቸው ሰጡት። ለምን ሰጡ ካላችሁ፣ ሰውየው ከፖሊስ በቀር ማንም አያውቀውም ብለው ያሰቡትን ነገር ስለጠራላቸው ነው። የሥዕሉን ነገር፣ የስንጥቁን ነገር። ለማዳበሪያ ብለው ያጠራቀሙት ብር ሙልጭ ብሎ ወጣ።

በኋላ ሲጠየቅ ሌሎችም ተደውሎላቸዋል። የአንዳንዱ ጥያቄ «የማስላኪያ ትንሽ ብር ላክ» የሚል ብቻ ነበር። ያልተበሉትም አሉ። አንዱ ሽማግሌ «እኔው እመጣለሁ፣ ጣቢያው ከቤቴ ፊት ለፊት ነው» ሲሉት ሰውየው ስልኩን ዘጋው። ደዋዩ እስካሁን አልተያዘም። ከየትም ሊደውል ይችላል። ኮሜንቱን ለማንበብ ሰሜን ሸዋ መኖር አያስፈልገውም።

«ማጭበርበር ድሮም አለ፣ ፖሊስ ምን ያድርግ?» የሚል ሰው ገጥሞኛል። አልስማማም። አጭበርባሪ ብዙውን ጊዜ በግምት ነው የሚደውለው። እዚህ ግን ስልክ የጠፋባቸው፣ ስልካቸውን የሚጠብቁ፣ የፖሊስ ጥሪ ቢመጣ የሚደሰቱ ሰዎች ዝርዝር ከነቁጥራቸው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ተሰጠው። ዝርዝሩን ያሰባሰበው ደግሞ ሰው የሚያምነው ተቋም ነው።

ሦስተኛው ሰው

አሁን ወደ ፎቶው ልመለስ። በስተቀኝ የቆመው፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰው ልጅ ሌባ አይደለም። ሞባይል ጠጋኝ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ጠባብ ሱቅ አለችው። በዚያ ቀን ፖሊሶቹ ራሳቸው ጠርተውት ነው የሄደው። ባትሪያቸው ያለቀ ስልኮችን ቻርጅ ያድርግልን፣ ዓይነታቸውን ይለይልን ብለው። ቻርጀሩንና የሲም ማውጫ መርፌውን ይዞ ሄደ። ፎቶው ላይ አተኩሮ ላየ በግራ እጁ የጠቀለለው የቻርጀር ገመድ ይታያል። ፎቶ ሲነሳ «ቁም» ተባለ፣ ቆመ። ለመዝገብ መስሎት ነበር።

ጽሑፉ «ተጠርጣሪዎች» አለ። ማን ማን እንደሆነ አልለየም።

ከተማችን ትንሽ ናት። ሰው ፊቱን ያውቀዋል። ኮሜንቱ ምን ሊል እንደሚችል መገመት አያቅትም። «እኔም ጠርጥሬው ነበር»፣ «ስልኬን ለጥገና ሰጥቼው ዕቃ ቀይሮብኛል»፣ «ለካ የሚገዛቸው እሱ ነው»። አንዱ ስሙን ጻፈ። ሌላው የሱቁን ቦታ ጠቆመ። እናቱ በሚካኤል ማኅበራቸው ላይ ነገሩን ከሰው ሰምተው ጽዋውን ሳይጠጡ ወደ ቤት ሄዱ። ሱቁ ለሳምንታት ጭር አለ። ለጥገና ስልክ የሰጡ ሰዎች ሳይጠገንላቸው መጥተው ወሰዱ።

በሁለተኛው ቀን ፖሊስ ስህተቱን አወቀና ፖስቱን አጠፋው። ዝም ብሎ። ማስተባበያ የለም፣ ማብራሪያ የለም። ይህ ነገሩን አባሰው። ፌስቡክ ላይ አንድ ፖስት ሲጠፋ ሼር የተደረገው ሁሉ አብሮ ባዶ ይሆናል። ነገር ግን ሰው ፎቶውን ወደ ስልኩ አውርዶ እንደገና የለጠፈው አይጠፋም። በዚህ ጊዜ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ነበር። ቲክቶክ ላይም ሙዚቃ ተደርጎበት ዞሯል። እውነተኛው ምንጭ ጠፍቶ ቅጂው ብቻ ሲቀር፣ ሰው «ዘመድ ስላለው ነው ያስጠፋው» ማለት ጀመረ።

ስለ ሁለቱ ተጠርጣሪዎችም ዝም ብዬ አላልፍም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። እነዚህ ልጆች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ሺህ ሰው ፊት ቀርበው ተፈረደባቸው። ጉዳያቸውን አሁን ፍርድ ቤት ይዞታል። ምንም ይፈረድ፣ ፎቶው ግን ከፍርዱ ቀድሟል። ያመለጠን፣ የሚፈለግን ሰው ፎቶ መለጠፍ ምክንያት አለው፤ ሕዝብ ካላየው አይያዝም። እጅ ላይ ያለን ሰው ፎቶ መለጠፍ ግን ለምርመራው የሚጨምረው ነገር አይታየኝም። እንዲያውም ምስክር ለይተህ አውጣ ሲባል «ፌስቡክ ላይ አይቼዋለሁ» ካለ መለየቱ ዋጋ ያጣል።

የኢንቦክሱ ጉዳይ

ከሁሉ ያስፈራኝ ይኸኛው ነው። ለመጻፍም ብዙ አመንትቻለሁ።

ፖስቱ በወጣ ማግስት አንድ ወጣት ለፔጁ በኢንቦክስ ጻፈ። የተሰረቁት ስልኮች በማን በኩል፣ በየትኛው መኪና ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄዱ የሚያውቀውን ነገረ። ጥሩ ጥቆማ ነው። ያለ እንዲህ ያለ ሰው ፖሊስ ብዙም አይራመድም።

ፔጁን የሚያስተዳድሩት ሁለት ናቸው። አንድ የማኅበረሰብ ፖሊስ ባልደረባ በግል ስልኩ፣ ሌላው ደግሞ ዲዛይን ስለሚችል በበጎ ፈቃድ የሚያግዝ የሰፈር ልጅ። ለሁለቱም ሙሉ የአድሚን መብት ተሰጥቷቸዋል። ኢንቦክሱን ሁለቱም ያያሉ። የሰፈሩ ልጅ ክፋት አልነበረውም። ሕዝቡ እንዴት እየተባበረ እንደሆነ ለማሳየት የመልእክቱን ስክሪንሾት ምስጋና ጽፎበት ለጠፈው። ስሙን በስልኩ ላይ ባለው ጥቁር የማድመቂያ ብዕር ሸፈነው። ይህ ብዕር ለዓይን ጥቁር ይምሰል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም። የፎቶውን ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት ከሥሩ ያለው ፊደል ይወጣል። የፕሮፋይል ፎቶውን ደግሞ ጭራሽ አልነካውም። ትንሿ ክብ ውስጥ ልጁ በምረቃ ጋዋኑ ይታያል።

ስክሪንሾቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አልቆየም። በቂ ነበር። ማታውን ለልጁ ስልክ ተደወለለት። በሌላው ቀን ቤቱ በር ላይ ሰው ቆሞ ነበር ብሎ ነገረኝ። አሁን ከተማዋን ለቆ ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ነው ያለው።

በእኛ አካባቢ በዚህ ወቅት «ለፖሊስ ነገረ» መባል ምን እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ግጭት ባለበት ቦታ የስልክ ሌባ ጠቆመ ያሉት ሰው ነገ ሌላ ነገር ጠቆመ ተብሎ ሊፈረጅ ይችላል። ማንም መጥቶ ዝርዝሩን አይጠይቀውም። በ2003 የወጣው የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 አለን። እሱ ግን የተሠራው ለከባድ ወንጀሎች ነው። ስልክ ሰረቀ ብሎ ለጠቆመ ልጅ ያለው ጥበቃ የፖሊሱ ጥንቃቄ ብቻ ነው። ጥንቃቄው ሲጓደል ሌላ የሚደርስለት የለም።

ሕጉ ምን ይላል

በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ብዙ ሰው ይህ አዋጅ ለባንክና ለቴሌ ብቻ ይመስለዋል። መነሻ ሐሳቡ ግን ለሁሉም የሚገባ ነው። የሰው ዳታ ስትሰበስብ ለምን እንደሆነ በግልጽ ታስታውቃለህ፤ ለዚያ ከሚያስፈልገው በላይ አትሰበስብም፤ ለሌላ ነገር አታውለውም፤ ሥራው ሲያልቅ አታቆየውም፤ በእጅህ እስካለ ድረስ ትጠብቀዋለህ። ዳታው ሾልኮ ከወጣም በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለ።

ወንጀል ለመከላከልና ለመመርመር ሲባል ፖሊስ ልዩ ሁኔታ አለው። በኋላ ሄጄ ያነጋገርኳቸው የጣቢያው ኢንስፔክተርም መጀመሪያ ያነሱልኝ ይህንኑ ነው። ትክክል ናቸው፣ ልዩ ሁኔታው አለ። ፖሊስ የተሰረቀ ስልክ ባለቤትን ስምና ቁጥር መጠየቅ ሥራው ነው። ጥያቄው ግን መጠየቁ ላይ አይደለም። በአደባባይ መጠየቁ ላይ ነው። ያ ቁጥር መዝገብ ላይ ቢጻፍ ምርመራው አይጎድልበትም። ኮሜንት ላይ መጻፉም ምንም አይጨምርለትም። ለምርመራ ተብሎ የተሰጠ ልዩ ሁኔታ ለምርመራ የማይጠቅምን ነገር ሊሸፍን አይችልም።

አዋጁም ባይኖር ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት ጨምሮ፣ ያስከብራል። የመንግሥት ባለሥልጣናትም እነዚህን መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። አንቀጽ 24 ደግሞ ስለ ክብርና መልካም ስም ነው። የጠጋኙ ልጅ ጉዳይ በቀጥታ እዚህ ላይ ይወድቃል።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምር። ፔጁ የፖሊስ ይሁን እንጂ ቤቱ የፌስቡክ ነው። ኮሜንቱም ኢንቦክሱም የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ፣ ከአገር ውጭ ነው። በመዝገብ ቤት ያለ ፋይል ማን እንዳወጣው ፊርማ አለው። በፔጁ ኢንቦክስ ያለውን ጥቆማ ግን ማን እንዳነበበው፣ ማን ስክሪንሾት እንዳደረገው የሚያሳይ መዝገብ የለም። የአድሚኑ ስልክ ቢሰረቅ ደግሞ የከተማው ጥቆማ ሁሉ አብሮ ሌባው እጅ ሊገባ ይችላል። ስልክ የሚሰረቅበት ከተማ ውስጥ ነው እኮ ያለነው።

ከኢንስፔክተሩ ጋር

ሦስት ሆነን ሄድን። እኔ፣ አንድ ሕግ የጨረሰ ወጣትና የጠጋኙ ልጅ አጎት። አጎትየው በሽምግልና የታወቁ ሰው ናቸው። ባይኖሩ ወሬው በክርክር ያልቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ ተከላከሉ። መከላከላቸውም መሠረት አለው። «መምህር፣ እርስዎ የሚያዩት የተበላሸውን ነው። ባለፈው ጥምቀት የጠፋችውን ሕፃን በስንት ሰዓት አገኘናት? በዚህ ፔጅ አይደለም?» አሉኝ። እውነት ነው። ያቺ ልጅ ፎቶዋ ተለጥፎ ሳይመሽ ተገኝታለች። አእምሯቸው የደከመ አንድ አዛውንትም በዚሁ መንገድ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። «ጣቢያው ያለው አንድ ኮምፒውተር ነው። እሱም ብዙ ጊዜ መብራት የለም። ሕዝቡ ያለው ፌስቡክ ላይ ነው። እኛ የት እንሂድ?»

ፔጁን ዝጉ ለማለት አልሄድንም። ቢዘጋ የሚጎዳው ሕዝቡ ነው። አጎትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋቸው። «ልጄ፣ ያቺ የጠፋች ልጅ የርስዎ ብትሆን ፎቶዋን ይለጥፋሉ፣ ደግ። ስትገኝስ? እስካሁን እዚያው ናት፣ ከነሰፈሯ፣ ከነእናቷ ስልክ ቁጥር።» ኢንስፔክተሩ ስልካቸውን አውጥተው አዩ። እውነትም ነበረች። ወዲያው ፖሊሱን ጠርተው አስነሱት። ከዚያ በኋላ ነው ውይይታችን የሠመረው።

ተነጋግረን የተስማማነው ውስብስብ ነገር አይደለም። ገንዘብም አይጠይቅም። ስልክ ሲገኝ ፔጁ ላይ የሚጻፈው ስልክ መገኘቱና ባለቤት ካርቶን ወይም ደረሰኝ ይዞ በአካል እንዲመጣ ብቻ ነው። ቀለሙ፣ ከቨሩ፣ ስንጥቁ አይጻፍም። እነዚህን ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ይናገር፤ ማረጋገጫው እሱ ነው። መምጣት ለማይችል ሰው የጣቢያው ቋሚ ስልክ አለ። ኮሜንት የሚፈቀደው እንደ ፖስቱ ዓይነት ነው። ፌስቡክ ማን ኮሜንት መጻፍ እንደሚችል ለያንዳንዱ ፖስት መወሰን ያስችላል። ማንም ቁጥሩን ከጻፈ አድሚኑ ይሰውረውና ለሰውየው ይነግረዋል። እያንዳንዱ የንብረት ፖስት መጨረሻ ላይም አንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል፦ ፖሊስ ኮድ፣ የሚስጥር ቁጥርም ሆነ ገንዘብ በስልክ አይጠይቅም።

የሰፈሩ ልጅ ከአድሚንነት ወረደ። ዲዛይኑን ሠርቶ ይልካል፣ የሚለጥፈው ግን ፖሊሱ ነው። አኮረፈ። ቀርቤ ሳናግረው ግን ለጠቋሚው ልጅ ደውሎ ይቅርታ መጠየቁን ነገረኝ። ፔጁን የያዙት ስልኮች ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቅ መቆለፊያ፣ አብረን አስገባን። በኢንቦክስ የሚመጣ ጥቆማ ወደ መርማሪው በቃል ይተላለፋል፣ ስክሪንሾት አይነሳም።

አንድ ነገር ላይ አልተስማማንም። የተያዙ ተጠርጣሪዎችን ፎቶ ጨርሶ አትለጥፉ አልን። ኢንስፔክተሩ ሕዝቡ ፎቶ ካላየ ለቀቋቸው ብሎ ያማናል አሉ። ፊታቸው ተሸፍኖ ይሁን በሚለው ተለያየን። ለኔ አሁንም አይዋጥልኝም። በትንሽ ከተማ ሰው በጫማው ይታወቃል።

ለጠጋኙ ልጅ ፖሊስ ማስተባበያ እንዲያወጣ ጠየቅን። ከመጀመሪያው ፖስት ባልተናነሰ መልኩ፣ በዚያው ፔጅ። ወጣ። ልጁ ግን ፎቶዬ እንደገና አይለጠፍ አለ። ምን ይደረግልህ ሲሉት «ቅዳሜ ሱቄ መጥታችሁ ስልካችሁን አሠሩ» አላቸው። ኢንስፔክተሩ በገበያ ቀን፣ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ ስክሪኑ የተሰበረ ስልካቸውን ይዘው ሄዱ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው እስኪሠራ ሻይ ጠጡ። ያላፊ አግዳሚው ዓይን እዚያው ነበር። ማስተባበያውን ያነበበው ጥቂት ሰው ነው፤ ይህንን ግን ገበያው ሁሉ አየው። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ መመለስ ጀምሯል። እናትየው ግን ወደ ማኅበራቸው ገና አልተመለሱም።

የእትዬ ብር አልተገኘም። ሒሳባቸው በዚያው ቀን ታግዷል፤ ሆኖም ብሩ ቀድሞ ወጥቷል። አቤቱታው መዝገብ ተከፍቶለታል። ለማዳበሪያው ጎረቤት አበድሯቸው ዘሩ ተዘርቷል። «ጥፋተኛው የደወለው ነው፣ እናንተ አትጨነቁ» ይሉናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ነግሬያቸዋለሁም።

አሁን በእጃችን ያለው ሥራ የድሮዎቹ ፖስቶች ናቸው። ፔጁ ከተከፈተ ጀምሮ የተለጠፈው ሁሉ እዚያው አለ። የጠፉ ሕፃናት፣ ከዓመታት በፊት ተይዘው በነጻ የተለቀቁ ሰዎች፣ ቁጥርና አድራሻ የሞላባቸው ኮሜንቶች። አንድ ፖሊስ ከመርማሪው ጋር እየተመካከረ ከቅርቡ ወደ ኋላ እያየ ያነሳል። የ2016ቱን ጨርሶ 2015 ላይ ነው። በየትኛውም የፖሊስ ፔጅ ሥር ቁጥራችሁን ወይም መታወቂያችሁን የጻፋችሁ ካላችሁ ግን ማንንም አትጠብቁ። ፌስቡካችሁ ላይ አክቲቪቲ ሎግ የሚለውን ክፈቱና ኮሜንቶቻችሁን አውጥታችሁ አጥፏቸው። የስልካችሁ መክፈቻና የቴሌብራችሁ ፒን አንድ ከሆነ ዛሬውኑ ለዩት። ለእናቶቻችሁም ለዩላቸው።